ጋዝ ያልደረሰው ምድጃ

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። አለቃችን ባደረገው ንግግር "በሐዋሳ የዚህ ሰው እጅ ያላረፈበት በርና መስኮት የለም" አለ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ይሁን እንጂ በርና መስኮት የሠራሁት በወጣትነቴ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ዕድሜዬን የፈጀሁት ማንም በማያየው ነገር ላይ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ በሚቀበር፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማይወፍር የጋዝ ቧንቧ ላይ። ለሆቴል ወጥ ቤት፣ ለዳቦ ቤት፣ ለኮሌጅ ምግብ ቤት ጋዝ የሚያደርስ ቧንቧ ነው። በር የሠራ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሥራውን ያየዋል። ቧንቧ ግን ደህና ሆኖ ከተበየደ ባለቤቱ ራሱ መኖሩን ይረሳዋል። ለዚህ ነው መሰለኝ ይህን ሙያ እንዴት እንደተማርክ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሳይጠየቁ መናገር ደግሞ የጡረተኛ መብት ነው።

የወላይታ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ የመጣሁት አጎቴ ዘንድ ሲሆን ጊዜውም ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን ነበር። ከተማዋ የክልል ዋና ከተማ ስትሆን ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ጎረፈ። ቢሮ ይሠራል፣ ቤት ይሠራል፤ ቤት የሠራ ሁሉ በር ይፈልጋል። እኔም መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ጥግ ላይ ላሜራና ቱቦላሬ በኤሌክትሪክ እያጣበቅሁ እንጀራዬን አበስል ጀመር። ክፍያው ደህና ነበር። ሥራው ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰለቸኝ። ዓይኔን ጨፍኜም የምሠራው መሰለኝ።

አንድ ቀን በር ስበይድ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። በዚያ ሙቀት ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ሥራዬን እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

"ይሄን መስመር ስታስኬድ ምን ታያለህ?" አሉኝ።

"ብርሃን ነዋ!" አልኩና ሳቅሁ።

"ብርሃኑንማ እኔም ከዚህ ሆኜ አየሁት። ከብርሃኑ ሥር ያለውን ነው የጠየቅሁህ።"

ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ ከብርሃኑ ሥር ምን እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም። እሳቸው ግን ሳይገሥጹኝ፣ ሳይመክሩኝ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ ለመዋስ እንደመጡ ነግረውኝ ሞርሳውን ይዘው ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። በማግሥቱ "ሞርሳዬን ልወስድ ነው" በሚል ሰበብ ቤታቸው ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ።

ስማቸው ጋሽ መሐሪ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከቀይ ባሕር ዳር፣ በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ቧንቧ ሲበይዱ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ወደቡን ለቀው ወጡ፤ የባለቤታቸው ዘመዶች ሐዋሳ ስለነበሩ እዚሁ ሰፈሩ። ከባህል አዳራሽ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ኦክስጅንና አሲታይሊን የያዙ ሁለት ሲሊንደሮች አቁመው፣ በጋዝ ነበልባል ይበይዱ ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማው ይህን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ያሉትም የመኪና ጭስ ማውጫ ይጠግኑ ነበር እንጂ ቧንቧ አይነኩም።

የጋሽ መሐሪ ጠባይ ለብቻው ይወራል። ነበልባሉን ከማቀጣጠላቸው በፊት መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። እሳቱ በእጃቸው እያለ አንዲት ቃል አይናገሩም፤ ሰው ገብቶ ሰላም ቢላቸው እንኳ የሚመልሱት ካጠፉ በኋላ ነው። አንድ ቧንቧ ከመግጠማቸው በፊት አንስተው በአንድ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ያዩበታል። "ጎበዝ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። "ተበላሸ" ሲሉም አልሰማሁም። የበየድኩትን ሳሳያቸው የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ምን አየህ?"

ቀስ በቀስ ማየት ጀመርኩ። በኤሌክትሪክ ስበይድ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፤ በጋዝ ግን ብረቱ ሲለወጥ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ላብ እንደወረደው ግንባር ይወዛል፣ በመጨረሻም ትንሽ ኩሬ ይሆናል። ነበልባሉም ድምፅ አለው። ኦክስጅን ሲበዛበት ያፏጫል፤ ሲያንሰው ጅራት አውጥቶ ያጨሳል። ልክ ሲሆን በጫፉ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ጥርት ያለች ነጭ ፍሬ ትቆማለች።

ቀጭን ቧንቧ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱን ጫፎች ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ በሞረድ ጠርዛቸውን ማጋደል፣ ከውስጥ የቀረውን ስለት መጥረግ ያስፈልጋል። ከዚያ የመጋዝ ምላጭ የምታስገባ ክፍተት ትቶ ማጋጠም፣ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። ቧንቧው ክብ ስለሆነ እጅ አንድ ቦታ አያርፍም፤ የነበልባሉ አቅጣጫ በየጣት ስፋቱ ይለወጣል። ኩሬዋ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ እንደ ዓይን ተከፍታ መሄድ አለባት። ዓይኗ ከተዘጋች ብየዳው ከላይ ተለጠፈ እንጂ ሥር አልያዘም ማለት ነው። ይህን ሳይ ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስነሳ ዛሬስ ምን አያለሁ እያልኩ ነበር የምሄደው።

በዚህ መካከል ትልቅ ሥራ መጣልን። ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ ነጋዴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ መሸጫ ነበራቸው። ከስልጤ አገር መጥተው ከትንሽ ተነስተው ያደጉ፣ በከተማው የተከበሩ ሴት ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ ሆቴል ሠርተው ወጥ ቤቱን በጋዝ ለማድረግ ቆረጡ። ሲሊንደሮቹ ከጓሮ በሽቦ በር ውስጥ ሆነው ጋዙ በግድግዳ ውስጥ አልፎ በተርታ ለተደረደሩት ምድጃዎች እንዲደርስ ነበር የተፈለገው። ጋሽ መሐሪ "በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር መገጣጠሚያ በሚጠመዘዝ ጥርስ አይታሰርም፣ ይበየዳል" ብለው ወይዘሮ ዘይነባን አሳመኑ። እሳቸውም የወጥ ቤቱን መክፈቻ ከሴት ልጃቸው ሠርግ ጋር አንድ ላይ አደረጉት።

ከጓሮ ተነስቶ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን፣ ወፈር ያለውን መስመር ጋሽ መሐሪ በየዱ። ከምድጃዎቹ ሥር ያለውን ቀጭኑን ለእኔ ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የበየድኩት የጋዝ መስመር እሱ ነው። ጋዝ ቢፈስስ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀልጦ የሚሞላውን የብየዳ ሽቦ እየመገብኩ አጠገብኩት። ሲያልቅ ቧንቧውን በአየር ሞልተን በሳሙና ውሃ ቀባነው፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ምድጃዎቹንም አንድ በአንድ አቀጣጠልናቸው። ሁሉም ሰማያዊ ሆነው ነደዱ። ወይዘሮ ዘይነባ መርቀው ሸኙን፤ ለሠርጉም ጠሩን።

በሠርጉ ቀን ከጋሽ መሐሪ ጋር አዲስ ሸሚዝ ለብሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ዋናዋ ወጥ ሠሪ አስቴር እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤቱ ወጣችና በጣቷ ጠራችኝ።

"ዳንኤል፣ ና እስቲ እሳትህን እይ።"

"ምን ሆነ?"

"የፊተኛው ይጮኻል፣ የኋለኛው ይተኛል።"

ገባሁ። ምድጃዎቹ ሁሉ ተቀጣጥለው ትልልቅ ብረት ድስት ተጥዶባቸዋል። ለሲሊንደሩ የቀረቡት ይንቦገቦጋሉ። የመጨረሻዎቹ ግን የሻማ ያህል ሆነው ይርገበገባሉ። የመጨረሻው እያየሁት ጠፋ። አስቴር ፈጥና ቁልፉን ዘጋችው።

"ጉድ እኮ ነው" አለች። "የፊተኛውን ሳጠፋ የኋለኛው ይነሳል። ይሄንን ሳነሳ ያ ይወድቃል። ጣውንቶች ናቸው እንዴ?"

ጋሽ መሐሪም ገቡ። ሲሊንደር ለወጥን። የግፊት መቆጣጠሪያውን ለወጥን። የምድጃዎቹን አፍ በመርፌ ጠረግን። ምንም ለውጥ የለም። ሩዙ ግማሹ በስሎ ግማሹ ውሃ እንደያዘ ቀረ። በመጨረሻም አስቴር ተስፋ ቆርጣ ድስቶቹን ወደ ጓሮ አስወጣችና እንጨት አስነደደች። እርጥብ እንጨት ስለነበር ጭሱ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ ምግቡ አልደረሰም። እንግዳው ዓይኑን እያሸ ጠበቀ።

ወይዘሮ ዘይነባ የሐር ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኛ መጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሽ መሐሪ፣ እኔ ሰው ጠርቻለሁ" አሉ። ወዲያው ተመልሰው ሄዱ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ሐይቁ ዳር ሆቴል የሚያሠራ ሰው ሥራ ሊሰጠን ተስማምቶ ነበር፤ ሌላ ሰው መፈለጉን ሰማን። ያቺ ክፍል እንደምትዘጋ፣ ጋሽ መሐሪ በስተርጅና እንደገና ዕቃቸውን ሸክፈው እንደሚሰደዱ ታየኝ። እኔ በያዝኩት ሥራ ምክንያት ነው። ማንንም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጋሽ መሐሪ ግን ተቀምጠው ያስቡ ነበር። ተቆጥተው እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ፤ አልተቆጡም። የጠፋበትን ዕቃ የት እንዳስቀመጠ የሚያስታውስ ሰው ነበር የሚመስሉት።

"ስንፈትሽ ምን አየን?" አሉኝ።

"እንደማይፈስስ።"

"ሌላስ?"

"ምድጃዎቹ እንደሚነዱ።"

"እንዴት አድርገን አቀጣጠልናቸው?"

"አንድ በአንድ..." ብዬ ቆምኩ። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ለካ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አቀጣጥለን አላየናቸውም!

"እንግዲህ ቧንቧው ለአንድ ምድጃ የሚበቃ መንገድ አለው፤ ለሁሉም ግን የለውም" አሉ ቀስ ብለው። "የገዛነው ቧንቧ ደግሞ ለሁሉም ይበቃል። ታዲያ መንገዱን ያጠበበው ማነው?"

እፍረቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው። ከእፍረቴ ይልቅ ጥያቄው በለጠብኝ። ቆሻሻ ገብቶ ይሆን? ቧንቧው ሲታጠፍ ተጨፍልቆ ይሆን? ቀኑን ሙሉ እየተከራከርን ዋልን። በማግሥቱ ጋሽ መሐሪ መነጽራቸውን ወልውለው ተነሱና "ሳይከፈት አይታወቅም። እንሂድና እናስፈቅድ" አሉ።

ወይዘሮ ዘይነባ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እየለኩ አገኘናቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

"ልትጠግኑት ከሆነ አልፈልግም፤ ሌላ ሰው አስመጣለሁ" አሉ።

"ልንጠግን አይደለም የመጣነው" አሉ ጋሽ መሐሪ። "ቆርጠን ውስጡን ልናይ ነው።"

"ለምን?"

"ምን እንደሆነ ማወቅ ስለምንፈልግ። እርስዎ ማወቅ አይፈልጉም?"

ወይዘሮ ዘይነባ ሜትራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ለሻጯ ልጅ ሱቁን አደራ ብለው ከፊታችን ወጥ ቤት ገቡ።

ሲሊንደሮቹን ዘግተን፣ አላቀን፣ ቧንቧውን በአየር ደጋግመን አጠብነውና ከመጨረሻው ምድጃ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁ። ጋሽ መሐሪ ለራሳቸው ሳያዩበት ለወይዘሮ ዘይነባ ሰጧቸው። እሳቸውም ወደ መስኮቱ አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩበት።

"ይሄ ምንድን ነው? እንባ ይመስላል" አሉ።

ተቀብዬ አየሁ። ከቧንቧው ጣሪያ ላይ የቀለጠ ብረት ወደ ውስጥ ተንጠባጥቦ፣ እንደ ሻማ እንባ ተንጠልጥሎ ደርቋል። ከሥሩ የቀረችው መንገድ እርሳስ አታሳልፍም። ሌላውንም ቆረጥኩ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም። እንዳይፈስስ ብዬ ያጠገብኩት ሽቦ ሁሉ ለካ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

"ይሄ ነው የልጄን እንግዳ በጭስ ያስለቀሰው?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። ፊታቸው ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። ቁራጩን እያገላበጡ ያዩት ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ቁርጥራጮቹን ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ጠብታው ሁሉም ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው።

"ጋሼ፣ ታች ላይ ንጹሕ ነው። ጎኑም ንጹሕ ነው። የወደቀው ዞሬ ስጨርስ፣ አናቱ ላይ ስዘጋው ነው። ሁሉም መጨረሻው ላይ ነው!"

ጋሽ መሐሪ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ የኖርኩት ከወፍራም ቧንቧ ጋር ነው" አሉ። "ወፍራሙ ሙቀቱን ይበላልሃል። ይሄ ቀጭኑ ግን መልሶ ይሰጥሃል። ስትጀምር ቀዝቃዛ ነበር፤ ዞረህ ስትመጣ ግን ግሎ ጠበቀህ። አንተ ያው ነህ፣ እሱ ግን ያው አይደለም። እኔም እጅህን አየሁ እንጂ ይሄን አላየሁም።"

ወይዘሮ ዘይነባ ሁለታችንንም አዩን። "በሉ እንግዲህ ካወቃችሁት ሥሩት" አሉ። "ግን ሁሉም ምድጃ አንድ ላይ ሲነድ በዓይኔ ካላየሁ ከዚህ ቤት አትወጡም።"

ወዲያው ወደ ሥራው አልገባንም። በቁርጥራጭ ቧንቧ ላይ መለማመድ ያዝኩ። እየበየድኩ፣ ለሁለት እየሰነጠቅሁ፣ ውስጡን እያየሁ። ሽቦውን አቀጠንኩ። አናቱ ላይ ልደርስ ስል ነበልባሉን አንስቼ ቅላቱ እስኪደበዝዝ መጠበቅን ተማርኩ። መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል። እጅ ጨርስ ጨርስ ይላል። ዓይን ግን ገና ነው ይላል። ቶሎ ከተመለስኩ ይንጠባጠባል፤ ከዘገየሁ ሥሩ አይያያዝም። በመካከል ያለችውን ቅጽበት ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ጋሽ መሐሪም አልሞከሩም። የሰነጠቅሁትን እያዩ "ምን አየህ?" ይላሉ፣ እኔም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን የሰነጠቅሁት ቧንቧ ውስጡ ዙሪያውን እኩል ሆኖ፣ የክር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት። ጋሽ መሐሪም ዳሰሱት። ምንም አልጠየቁኝም። "ነገ እንሄዳለን" አሉ።

ከምድጃዎቹ ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ፣ የማይታየኝን ጎን በመስታወት እያየሁ በየድኩ። በመስታወት ግራው ቀኝ ይሆናል፤ እጄ ለጥቂት ጊዜ እምቢ አለኝ፣ በኋላ ገራሁት። ሲያልቅ በሳሙና ውሃ ፈተሽን። ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባ መጡ፣ አስቴርም በየምድጃው ላይ በትልልቁ ድስት ውሃ ጣደች።

"ከየትኛው ልጀምር?" አለች።

"ከመጨረሻው" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

ከመጨረሻው ጀምራ እስከ መጀመሪያው አቀጣጠለች። ሁሉም ነደዱ። ቆመን ጠበቅን። አስቴር የፊተኛውን እስከ ጥጉ ከፈተችው፤ የኋለኛው አልተነቃነቀም። ውሃው መጀመሪያ እዚህ ከዚያም እዚያ መንጫጫት ጀመረ። ቆይቶ የወጥ ቤቱ ድስት ሁሉ ክዳኑን እያንኳኳ ይፈላ ጀመር።

"ታረቁ" አለች አስቴር።

ወይዘሮ ዘይነባ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ያችኛዋን ልጄን አንዴ ድሬአታለሁ፣ ከእንግዲህ አይመለስም" አሉኝ። "ታናሿ ግን ገና ናት። ያኔ እሳቱን የምትጠብቀው አንተ ነህ፤ ድንኳን ውስጥ አትቀመጥም።" ቃላቸውን ጠበቁ፤ እኔም ታናሿ ስትዳር ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ዋልኩ።

ሐይቁ ዳር ያለውን ሥራ ያስመለሱልንም እሳቸው ናቸው። ሰውዬውን ጠርተው ምን እንዳሉት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሐዋሳ ሆቴል በሆቴል ሆነች፣ እኛም ከአንዱ ወጥ ቤት ወደ ሌላው ስንል ዓመታት አለፉ። ጋሽ መሐሪ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው አዲስ አበባ ወሰዳቸው። አልፎ አልፎ ይደውሉልኝ ነበር። "አዲስ ነገር ምን አየህ?" ይሉኛል፤ የሆነ ነገር ካልነገርኳቸው ስልኩን አይዘጉም። ማረፋቸውን የሰማሁት የዳቦ ቤት መስመር እየዘረጋሁ ሳለ ነው። ነበልባሉን አጥፍቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እኔም በኋላ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ቤት ተቀጥሬ፣ አለቃ ሲቀያየርብኝ፣ ወረቀት ስፈርም፣ ጡረታዬ ደረሰ።

ቤት መዋል ስላቃተኝ ባለፈው ሰሞን በአንድ አዲስ ሆስፒታል ግንባታ በኩል ሳልፍ ገባ አልኩ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ትዕግሥት የምትባል በያጅ ለበሽተኞች ኦክስጅን የሚሄድበትን የመዳብ ቧንቧ ትዘረጋለች። ቧንቧው እኔ ከማውቀው ሁሉ ይቀጥናል። ወደ ጫፉ ደግሞ ከሌላ ሲሊንደር የመጣ ጎማ አስገብታለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ናይትሮጅን ነው፣ ጋሼ። ስበይድ አየሩን እየገፋ በውስጡ ቀስ ብሎ ያልፋል።"

"ለምን? መንገዱ እንዳይዘጋ ነው?"

"አይደለም። መንገዱማ ክፍት ነው። ውስጡ ሲግል አየር ካገኘ ይጠቁራል። ጥቁሩ ደግሞ እየተላጠ ከኦክስጅኑ ጋር ይሄዳል። በሽተኛው ይስበዋል።"

ያን ሁሉ ዓመት ውስጡ መጥበቡን እንጂ መቆሸሹን አስቤ አላውቅም። ያለ ናይትሮጅን አንድ በይጂልኝ አልኳት። በቁራጭ ላይ በየደች፣ ቀዝቅዞ ስትሰነጥቀው ውስጡ ከሰል ለብሷል። በጥፍሬ ነካሁት፣ ተላጠ። ናይትሮጅን ያለፈበት ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ጋዙ ምን ያህል በዝግታ ይለፍ? ቢፈጥንስ ምን ይሆናል? ከየት በኩል ነው የሚወጣው? እየመለሰችልኝ ሌላ እጠይቃለሁ። በመጨረሻ መበየጃዋን አስቀምጣ በሳቅ አየችኝ።

"ጋሽ ዳንኤል፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?"

"ወጥቻለሁ" አልኳት። "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?"